ዓለሚቱ እና ሁለቱ በየነ ሮባ

የእትዬ ዓለሚቱን ሞት የሰማሁት ከቴሌግራም ነው። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን ስከፍት፣ ፕሮጀክታችን ከተበተነ በኋላ በዓል ሲመጣ ብቻ "እንኳን አደረሳችሁ" በምንባባልበት የድሮ ባልደረቦች ግሩፕ ላይ ፎቶዋ ወጥቷል። ከፎቶው ሥር የሻማ ምስል፣ ከሻማው ሥር ደግሞ የቀድሞ አለቃችን የጻፈው አለ። "ትሁቷን፣ ታዛዧንና ታታሪዋን ባልደረባችንን በማጣታችን ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶኛል" ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ባለባጃጁ ዞር ብሎ "ምነው ወንድም፣ ሰላም ነው?" ሲለኝ ነው ጮክ ብዬ መሳደቤን ያወቅሁት።

ታታሪ፣ እሺ ይሁን። ትሁት ግን ዓለሚቱ በሕይወቷ ሆና አታውቅም። ታዛዥማ ጭራሽ! ያ ሰው ከእሷ ጋር ያን ሁሉ ጊዜ ሠርቶ አንድም ቀን አላያትም ማለት ነው። ወይም አይቷታል፤ መልስ መስጠት የማትችልበት ቦታ እስክትገባ ጠብቆ የሚፈልጋትን ዓይነት ሴት አደረጋት። ስሙን እዚህ አልጠራም፣ እጄ እምቢ ብሎኛል። ዶክተሩ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እሱም ቢሆን ከስሙ ይልቅ መጠራት የሚወደው በዚህ ነው።

ዓለሚቱ የኮቸሬ ልጅ ናት፤ ሬኮ ተወልዳ እዚያው ቡና ማጠቢያ ጣቢያው አጠገብ ነው ያደገችው። አባቷ የጣቢያው ጥበቃ ነበሩ። ዲላ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ፣ አዲስ አበባ የቤተ መጻሕፍት ትምህርት ተምራ፣ "እዚያማ መጽሐፉም ሰውም ሞልቷል፣ እኔ ምን ልሠራ" ብላ ተመለሰች። አላገባችም። ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው ካለ ሁለተኛ አልጠየቃትም። ረጅም፣ ደረቅ ያለች፣ ሲያስቃት አፏን በመነጽሯ ማህደር የምትከልል ሴት ነበረች። እሑድ ቸርች ከኋላ ወንበር ተቀምጣ፣ ሰባኪው ከተነሣበት ርዕስ ወጣ ሲል ሰዓቷን ታያለች። አንድ ቀን አብሬያት ሄጄ ስብከቱ ከኖኅ መርከብ ተነሥቶ የቸርቹ ጣሪያ መዋጮ ላይ ሲደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ይሄን እዚህ ማን ጠራው?" አለችኝ። ሳቄን ለመዋጥ ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው።

ይህቺ ንግግር የሥራ ቦታ ንግግሯ ናት። ዲላ ውስጥ አንድ ቪላ ተከራይቶ የተከፈተ፣ በውጭ እርዳታ የሚተዳደር ፕሮጀክት ነበር ያገናኘን። የጌዴኦ ሽማግሌዎችን ቃል፣ የእንሰቱንና የቡናውን ጥበብ፣ ዘፈኑን፣ የሽምግልናውን ሥርዓት በድምፅ እንቀርጻለን፣ እንጽፋለን፣ ከዚያ ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጣለን። እኔ የኮምፒውተሩን ሥራ እሠራ ነበር። እሷ የርዕሰ ጉዳይ ክፍል ኃላፊ ናት፤ የመጣውን ነገር ሁሉ "ስለ ምንድን ነው?" ብላ ጠይቃ ቦታ ቦታውን የምታስይዝ። አንዱ ወጣት የሰርግ ዘፈኑን "መዝናኛ" ከሚለው ሥር ካስገባው አለቀለት። "ይሄን እዚህ ማን ጠራው?" ትላለች ድምፅዋን ሳታነሣ፤ ልጁም ወንበሩን ይዞ ይመጣና አጠገቧ ቁጭ ይላል።

ሥራውን ለማያውቀው ሰው ልንገረው። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ላይ ነገር ማስቀመጥ ከመኪና ላይ ዕቃ እንደማራገፍ ይመስለዋል፤ ጣል ጣል አድርጎ መሄድ። ፈላጊው ቃሉን ይጻፍና ካገኘ ያግኝ። ዓለሚቱ ይሄን ስትሰማ ፊቷ ይለወጣል። "ማሽኑ የሚያየው ፊደል ነው፤ ነገሩን አያውቀውም። ነገሩን የምናስተምረው እኛ ነን" ትላለች። ስለዚህ እያንዳንዱ ርዕሰ ጉዳይ የራሱ አድራሻ ይሰጠዋል። እንሰት አንድ አድራሻ አለው፤ በአማርኛ የጠራውም፣ በጌዴኡፋ የጠራውም፣ በላቲን የጻፈው ፈረንጅም እዚያው ይገናኛሉ። ከዚያ አድራሻዎቹ እርስ በርስ ይታሰራሉ። ለማሰሪያዎቹ የእንግሊዝኛውን ትታ የራሷን ስም አውጥታላቸው ነበር፦ የበላይ፣ የበታች፣ ዘመድ። ቆጮ የእንሰት የበታች ነው። ቡና የእንሰት ዘመድ ነው፣ እዚህ አገር አንድ ጓሮ ውስጥ ስለሚያድጉ። ማሽኑ ይሄን ካወቀ፣ ስለ ቡና ጥላ የጠየቀ ሰው ቡና የሚል ቃል አንድም ቦታ ያልተነሣበትን የሽማግሌ ወግ ያገኛል። መጀመሪያ ሲሠራልን ያየሁ ቀን፣ እውነቴን ነው፣ ቆሜ አጨበጨብኩ።

አራተኛ ማሰሪያ ነበረች፣ "እሱ ራሱ" የምትባል። ይሄኛውና ያኛው በሁለት ስም የተጠራ አንድ ነገር ነው ለማለት ነው የምታገለግለው። ዓለሚቱ እንደ ቢላ ስለት የምትፈራት ይህቺን ነበር። የበላይና የበታች ብትሳሳት ሰው ትንሽ ይጉላላል፣ እዚህ ከተሳሳትክ ግን አንዱን ገድለህ ሌላው ውስጥ ቀበርከው ማለት ነው ትለኝ ነበር። ከዚህ የተነሣ "ያው" የምትል ቃል ቢሮው ውስጥ አትወድም። "ያው ነው እኮ እትዬ" ካልኳት መነጽሯን አውልቃ ታየኛለች። እናንተዬ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው "ያው" ሳይል እንዴት ውሎ ይገባል? እኛ ግን ለመድነው፤ "ያው" የምንለው ከግቢ ስንወጣ ነው።

ጻድቅ አላደርጋትም። አድልዎ ነበረባት። ዶክተሩ የአካባቢውን ቡና ሁሉ ውጭ አገር በታወቀው በይርጋጨፌ ስም ሥር ማጠቃለል ሲፈልግ፣ ጠረጴዛ እየደበደበች ተከራክራ ሬኮ ለብቻው አድራሻ አገኘ። ይሄ ደግ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ለሬኮ ያልወጣለት ርዕስ የለም፤ ማጠቢያው፣ ምንጩ፣ አፈሩ፣ ኮረብታው። ገደብ ሙሉ ወረዳ ሆኖ ያን ያህል ርዕስ አልነበረውም። ይሄን ሳነሣባት አልካደችም። "ገደብ የራሱን ዓለሚቱ ይውለድ" ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ሽማግሌ ፊት ስትቀርብ ግን ሌላ ሰው ናት። መቅረጫውን ከማውጣታችን በፊት የማን ልጅ እንደሆኑ፣ ከየት መንደር እንደሆኑ፣ የትኛው ሶንጎ ላይ እንደሚቀመጡ ትጠይቃለች። ሶንጎ ማለት ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሰው ነገር የሚያዩበት ሸንጎ ነው። ስም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። "ስም ይደገማል፣ ሰው ግን አይደገምም" ትላለች። በእሷ ጥንቃቄ ነው ሁለቱን በየነ ሮባ ለይተን የያዝናቸው። አንደኛው አባባ በየነ ሮባ የገደብ ሰው ናቸው፤ ሶንጎ ላይ ቃላቸው የሚሰማ፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ የማይለያቸው ሽማግሌ። ሁለተኛው አባባ በየነ ሮባ የኮቸሬ ሰው ነበሩ፤ ከቀረጽናቸው በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እስከ አባታቸው ስማቸው አንድ ነው፤ ዝምድና የላቸውም፣ ተያይተውም አያውቁም።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው። ረጂዎቹ ሥራውን ሊመርቁ ከውጭ ሊመጡ ሆነ። ዶክተሩ ያየው ነገር ቢኖር ማሰሪያው ማነሱን ነው፤ ስክሪን ላይ ብዙ ክር የተጠላለፈበት ሥዕል ማሳየት ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ አስመጣ። ያ ባለሙያ ስም ከስም እያመሳከረ፣ የገጠመለትን ሁሉ "እሱ ራሱ" ብሎ በአንድ ጊዜ የሚያስር ፕሮግራም ይዞ መጣ። ዓለሚቱ ስብሰባ ላይ እጇን አወጣች።

"ዶክተር፣ ስሙ የገጠመ ሁሉ አንድ ሰው ከሆነማ፣ ዲላ ላለው ተስፋዬ ሁሉ አንድ ሚስት ትበቃው ነበር" አለች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩ አልሳቀም። እንግዶቹ በዚያው ሳምንት እንደሚገቡ፣ የእሷ ጥንቃቄ እስኪያልቅ አውሮፕላን ውስጥ እንደማያሳድራቸው ተናገረና ስብሰባውን ዘጋው። ሲሳቅበት የማይወድ አለቃ ላይ መሳቅ ዋጋ ያስከፍላል። እሷ ለቀረጻ ወደ ገጠር በወጣችበት ቀን ፕሮግራሙን አስነሣው። እኔ አይሆንም ብያለሁ፤ ባለሙያው ግን የሚታዘዘው ከዶክተሩ ነው።

ስትመለስ ምርቃቱ አልቆ ነበር። ዳቦው ተቆርሷል፣ ፎቶው ተነሥቷል፣ ፈረንጆቹ ክሩን እያዩ ተደንቀው ሄደዋል። ቁጭ ብላ ገጾቹን መክፈት ጀመረች። ከሰዓት በኋላም እዚያው ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች ነበረች። አንድ በአንድ መፍታት ስትጀምር ዶክተሩ ሰማና ሪፖርቱ እስኪጸድቅ ማንም ምንም እንዳይነካ አዘዘ። የይለፍ ቃሏንም አስቀየረው። የርዕሰ ጉዳይ ክፍል ኃላፊ ርዕሱን ማየት እንጂ መንካት የማትችል ሆነች። ጉድ በል ዲላ!

ከዚያ ከገደብ ወሬ መጣ። አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ከባሏ ወንድም ጋር በቡናና በእንሰት ጓሮዋ ትከራከራለች። ነገሩ ሶንጎ ላይ ቀርቦ፣ የገደቡ አባባ በየነ ልጆች ያሏት ሴት ከጓሮዋ አትነሣም አሉ። እኛ ዘንድ ሲቀረጹም ያሉት ይሄንኑ ነው። የባሏ ወንድም ግን ስልኩን አወጣ። የአባባ በየነ ፎቶ አለ፣ ስማቸው አለ፣ ከሥሩ ደግሞ "የሟች ጓሮ ወደ ወንድሞቹ ይመለሳል" የሚል ቃል ተጽፏል። ቃሉ የኮቸሬው በየነ ነው፤ በአያታቸው ዘመን ሲደረግ የነበረውን ሲያወሩ የተናገሩት። ፕሮግራሙ ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርጎ ቃላቸውን አንድ ገጽ ላይ አፍስሶታል።

አባባ በየነ አላልኩም አሉ። ፎቶውስ? አሏቸው። ፎቶውማ የእሳቸው ነው። ሶንጎ ላይ የሚፈርድ ሰው ሁለት ቃል ሊኖረው አይችልም፤ ለድምፅ ቀራጭ ሌላ፣ ለባልቴት ሌላ። ማንም አልሰደባቸውም። ነገሩ እስኪጠራ ገለል ብለው ይቆዩ ብቻ ተባለ፣ የሴትየዋም ጉዳይ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ። ሽማግሌው ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ። ገበያም አልወጡ፣ ለቅሶም አልሄዱ። ይሄን ሁሉ ስልክ ደውላ ለዓለሚቱ የነገረቻት ልጃቸው ናት፤ "አባቴ እህል እየተወ ነው" ብላ።

ዓለሚቱ ስልኩን እንደያዘች ዶክተሩ ቢሮ ገባች። እኔም ተከተልኳት። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ አብሮን ገደብ ድረስ ሄዶ፣ ጥፋቱ የኛ ነው ብሎ እንዲናገር። ደረቷን ይዛ፣ በልመና ድምፅ ነበር የጠየቀችው፤ እንዲያ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ዶክተሩ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጎ ጉዳዩ የቴክኒክ መሆኑን አስረዳን። ሲስተሙ የፈጠረው ስህተት ነው ብላችሁ አስረዷቸው አለ። እሱ እንዲህ ባለ ነገር ስሙ ከተነሣ ሁለተኛው ዙር እርዳታ እንደሚቀር፣ ያ ደግሞ የሁላችንም እንጀራ መሆኑን ጨመረ። ያቺ ሴት ጓሮዋን ብታጣ፣ ሽማግሌው በረሃብ ቢሞቱ፣ የእሱ ሲስተም ግን ከነክሩ ይሰንብት!

በማግስቱ እኔና እሷ ብቻ፣ የሁለቱን ሰዎች ድምፅ ይዘን፣ ገደብ ሄድን።

ሶንጎው ተሰብስቦ ጠበቀን። አባባ በየነ ከዛፉ ራቅ ብለው፣ እንደ ተከሳሽም እንደ ተመልካችም ሳይሆኑ፣ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ዓለሚቱ በጌዴኡፋ ተናገረች፤ እኔ ዲላ ስላደግሁ ምላሴ ቢንተባተብም ጆሮዬ ይሰማል። ድምፆቹን አሰማች። የመጀመሪያው የአባባ በየነ ነው፣ ሁሉም አወቀው። ሁለተኛው የሌላ ሰው ነው፤ ያንንም ሁሉም አወቀ። ከመካከላቸው አንዱ የኮቸሬውን ሰው በሕይወት ሳሉ ያውቋቸው ኖሮ "በየነ ነው፣ አምላክ ነፍሱን ይማር" አሉ። እፎይ አልኩ፤ ያለቀ መሰለኝ።

ከሁሉ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ግን እጃቸውን አነሡ። ሁለት ሰው መሆናቸውን ሰማን፣ አንድ ያደረጋቸው ማን ነው? አሉ። እኔ ቀደም ብዬ ኮምፒውተሩ ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮምፒውተር እዚህ ቆሞ ይቅርታ አይጠይቅም አሉኝ፤ ሳቅም ቁጣም አልነበረበትም። መሥሪያ ቤቱ ነው አልኳቸው። መሥሪያ ቤት የማን ልጅ ነው? አሉኝ። በዚያ ሥርዓት ባለቤት የሌለው ጥፋት የለም። ያጠፋው ሰው በእግሩ መጥቶ፣ በአፉ "እኔ ነኝ" ብሎ፣ ይቅርታ ሲደረግለት ነው የተበደለው ስም የሚነጻው። ባለቤት ያልመጣለት ጥፋት በወደቀበት ሰው ላይ እንደወደቀ ይቀራል፤ የወደቀው ደግሞ አባባ በየነ ላይ ነው።

ዓለሚቱ ወደ መንገዱ ተመለከተች፣ አንድ መኪና ይመጣ ይሆናል ብላ የምትጠብቅ ይመስል። ዶክተሩ በዚያ ሰዓት ዲላ ምሳውን እየበላ ነው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መሐል ገባች።

"እኔ ነኝ" አለች። "የሁለት ሰው ቃል በአንድ ሰው አፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አባቴ፣ ይቅር በሉኝ።"

ብድግ አልኩ። ዞር ብላ አየችኝ፤ መነጽሯን አውልቃ የምታየኝ ዓይነት አስተያየት ነው። ተቀመጥኩ። እዚያ ቆሞ መዋሸት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ በዚያ ሥርዓት ያደገች ናት። ሽማግሌዎቹ ተቆጧት፣ መከሯት፣ የሰው ቃል እንደ ሰው ልጅ ነው፣ ከአባቱ አይለይም አሏት። እሷ፣ ይሄንኑ ስትሰብክ የኖረችው ሴት፣ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ አባባ በየነ ተነሡ። እጃቸውን ጭንቅላቷ ላይ አድርገው ይቅር አሏት፤ መረቋት። ዞር ብለውም ዛፉ ሥር ወደ ቦታቸው ሄደው ተቀመጡ። የሴትየዋም ነገር በዚያው ቀን ታየ፣ ጓሮዋ ለእሷና ለልጆቿ ጸና።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አላስቻለኝም። ለምን? አልኳት። ለእንደዚያ ያለ ሰው ብለሽ ለምን ትዋሻለሽ?

"ለእሱ ብዬ መሰለህ?" አለችኝ። "ዶክተርህ ጥፋቱን እስኪያምን ሽማግሌው ስንት ዓመት ይቀመጡ? ዕድሜዬን ሙሉ ነገር ስመድብ ነው የኖርኩት። ይሄን ደግሞ በእኔ ሥር መደብኩት፣ አለቀ።"

አላለቀም። ዶክተሩ ከገደብ ወሬው ደረሰው። የጠበቅሁት እንዲያፍር ነበር፤ ሞኝ ነኝ። ስብሰባ ጠርቶ፣ ፊቱን ከስክሶ፣ የፕሮጀክቱን ስም ያጎደፈው ስህተት ባለቤት መገኘቱን አስታወቀ። እትዬ ዓለሚቱ በሽማግሌዎች ፊት በገዛ አንደበቷ ማመኗን፣ ስለዚህም ሥራዋን መልቀቅ እንደሚኖርባት፣ ለረጂዎቹም ይኸው እንደሚገለጽ ተናገረ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ እምዬ ራሷ እከኩን ተቀብላ ስትቆም ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ከመውጣቷ በፊት ሁለቱን በየነ ሮባ በእጇ እንድትፈታቸው። ፈቀደላት። ፈታቻቸው፣ ለእያንዳንዳቸው አድራሻቸውን መለሰች፣ ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች።

እኔ ተናድጄ ቤቷ ሄድኩ። ፍርድ ቤት እንሂድ፣ እመሰክራለሁ፣ ባለሙያውንም ካለበት አመጣዋለሁ አልኳት።

"ምን ብለህ ነው የምትመሰክረው?" አለችኝ። "ሶንጎ ላይ ቆማ ዋሸች ብለህ? ከዚያ ይቅርታው ይፈርሳል። አባባ በየነ እንደገና ከቦታቸው ይነሡ? ሆድ ይፍጀው፣ ተወው።"

ሆድ ይፍጀው ያለችውን ሆዷ በእርግጥ ፈጀው። ዲላ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሥራ ልትጠይቅ በሄደችበት ሁሉ "መረጃ ያዛባችው ሴትዮ" የሚለው ወሬ ቀድሟት ይገባል። መጨረሻ ላይ አንድ የግል ኮሌጅ መጽሐፍ ለማዋስ ቀጠራት። ተማሪው የሚመጣው ለዋይፋይ ነው፤ እሷ ከመደርደሪያዎቹ ፊት ተቀምጣ ትውላለች። ሄጄ ስጠይቃት ስለ ድሮው ሥራ አታነሣም ነበር። አንድ ቀን ግን እኔ ሳልጠይቃት ስለ ዶክተሩ ተናገረች። ይቅር ለማለት ብዙ ጸልያ እምቢ እንዳላት፣ ጌታ ለዚህ እንደሚጠይቃት አውቃ እንኳ አልሆንልሽ እንዳላት ነገረችኝ። ደስ አለኝ። ይቅር ብዬዋለሁ ብትለኝ ኖሮ እሷንም እቀየማት ነበር።

ደም ግፊቷ ከፍ ይልባት ጀመር። መድኃኒቱን አንድ ቀን ትወስዳለች፣ አንድ ቀን ትተዋለች። ፕሮጀክቱም ሁለተኛውን ዙር እርዳታ አገኘ፣ በላው፣ ተዘጋ። ዶክተሩ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ሌላ ወንበር አገኘ። ድረ ገጹን የሚያድስ ጠፋና አድራሻውን ሌሎች ወሰዱት። እንሰትና ቡና በዘመድነት የታሰሩበትን አድራሻ ዛሬ ብትከፍቱት የሚመጣላችሁ የእግር ኳስ ቁማር ማስታወቂያ ነው። እሷ ይሄን አይታ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ አልነገርኳትም።

ለቅሶው እህቷ ቤት ነበር፣ ዲላ። ድንኳኑ ሞልቶ፣ የቸርቹ መዘምራን ዘምረው ጨርሰው፣ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ እያወራ ተቀምጧል። ዶክተሩ ቀድሞኝ መጥቷል፤ ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ ከዕድሩ ሰዎች ጎን ከፊት ተቀምጦ፣ ለሚገባው ሁሉ ይነሣል። የሟች ወንድም ነው የሚመስለው። እኔ ላለማየት ወደ ጥግ ተቀመጥኩ።

አባባ በየነ ከገደብ ድረስ መጡ። ልጃቸው ደግፋ ነው ያስገባቻቸው፤ ሰውነታቸው አልቆ ባርኔጣቸው ሰፍቷቸዋል። ሰው ተነሥቶ ከፊት፣ ከዶክተሩ አጠገብ አስቀመጣቸው። ትንሽ እንደቆዩ በዓይናቸው ሲፈልጉ አገኙኝና በእጃቸው ጠሩኝ። ሄጄ ፊታቸው በርከክ አልኩ። እኔ እንዳይቸግረኝ በአማርኛ ነው ያናገሩኝ፤ በእሳቸው አማርኛ ሴቷም "እሱ" ናት።

"ልጄ፣ ያን ጊዜ ከእሱ ጋር የመጣህ አንተ ነህ አይደል?" አሉኝ። "እዚህ ውጭ ሰው ሲያወራ ሰማሁ። ዓለሚቱ አላጠፋም፣ ሌላ ሰው ነው ያጠፋ፣ እሱ ዝም ብሎ ተሸከመ ይላሉ። እንደዚያ ከሆነ እኔ ማንን ነው ይቅር ያልኩ? ሶንጎ ላይስ ውሸት ተናገረ ማለት ነው? አንተ ታውቃለህ። ሁለታችንን አንድ ላይ ማን ነው ያሰረው?"

አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ወሬያቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። ዶክተሩ የያዘው የውሃ ጠርሙስ እጁ ላይ ቆመ፤ ወደ እኔ አላየም፣ መሬት መሬት ያያል። ያን ስም ለመናገር ስንት ጊዜ አፌ ላይ አድርሼ መልሼዋለሁ። አሁን የጠየቀኝ ሰው አለ፣ የሚሰማ ሰው አለ፣ ባለቤቱም አለ። ብናገር እሱ ይዋረዳል። ዓለሚቱ ደግሞ፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሶንጎ ላይ የዋሸች ሴት ትሆናለች። የእኚህ ሽማግሌም ምርቃት ባዶ ሜዳ ላይ የፈሰሰ ይሆናል።

"እሷ ናት፣ አባባ" አልኩ። "እሷ ናት ያሰረችው።"

በረጅሙ ተነፈሱ። ትከሻቸው ሲላላ አየሁት።

"እንዲያ በለኝ" አሉ። "ሰው ወሬ ይወዳል። ጥፋቱን በራሱ አፍ የሚያምን ሰው ነበር ዓለሚቱ። እንደዚያ ያለ ሰው አሁን የለም።"

"እውነት ነው አባቴ፣ የለም" አለ ዶክተሩ። ከመቀመጫው ተነሣ፣ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተላቸውና በሁለት እጁ አቀረበላቸው። አባባ በየነ ውሃውን ተቀበሉት። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ አድርገው መረቁት።